ለእናቴ መርዶ በፖስታ ለላከው መዝገብ ቤት

ይድረስ ለክቡር የውርስ ጉዳይ መዝገብ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የመስኮት ቁጥር አራቷ ፀሐፊ፣ ወረፋ የምትሰጠዋ ማሽን ሳትቀር እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አሽዶድ ያለነው፣ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉዳዬን በጋዜጣ ያወጣሁት ድፍረት አይምሰልዎ፤ በግል የጻፍኩልዎ አራት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎን ከማጣበብ በቀር ምንም ስላልፈየዱ ነው።

ናዓማ ይታየው እባላለሁ። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የገባሁ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው የአሽዶድ ሰፈር የምኖር፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሙላው ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር፤ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው፣ አምና ከሐኑካ በዓል በኋላ፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ እንደተኛ ቀረ። እናታችን፣ ስሟ ትሁን ነው፣ ያን ጊዜ ልቧን ኦፕራሲዮን ከተደረገች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ሐኪሟ ድንጋጤ ካገኛት አትተርፍም አለን። ስለዚህ ደበቅናት። ሰባቱን የሐዘን ቀን አጎታችን መናሔም ቤት መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን አፍነን ተቀመጥን፤ ለእሷ ግን ሙላው የመርከብ ሥራ አግኝቶ ባሕር ላይ ነው፣ ስልክ አይሠራም አልናት።

ይህ ለእርስዎ ውሸት ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን ወግ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ መብራት ደረሰኝ በበር ሥር አይወረወርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ የሚናገረው አንድ ሰው ይመረጣል፤ እናት ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። ሐኪሟ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ ትችላለች ስላለን ቀኑን ቆርጠን፣ ነጋሪውን አጎቴን መርጠን፣ እየጠበቅን ነበር። ምኞታችን አንድ ብቻ ነበር፤ የልጇን ሞት ከዘመድ አፍ፣ በዘመድ ክንድ ውስጥ ሆና እንድትሰማ።

ከእርስዎ ጋር ያስተዋወቀን የውሃ ቧንቧ ነው። ሮቫ ዳሌት ያለችው የሙላው ቤት ቧንቧዋ ፈንድቶ የታችኛውን ጎረቤት ጣራ ሲያበሰብስ፣ የሄድኩበት ሁሉ ባለቤቱን አምጪ አለኝ። ባለቤቱ መቃብር ውስጥ ነው ብል ጻቭ ዬሩሻ፣ የወራሽነት ትእዛዝ ማለት ነው፣ ከመዝገብ ቤቱ አውጪ ተባልኩ። መጣሁ። አቤቱታዬን እንግዲህ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁና።

1ኛ. ሕጉ የሙላው ወራሽ እናቱ ናት ይላል፤ ሕግ ነው፣ አልሟገትም። ቅጹ ላይ የወራሿን አድራሻ ሲጠይቀኝ ግን እጄ ተሳሰረ። የእኔን ቤት ብጽፍ እናቴን በልጇ ቤት ጥገኛ ማስመሰል ሆኖ ታየኝ፤ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ቤት እንደሌላት ስትቆጠር አፈርኩ። ስለዚህ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ያለውን እውነተኛ አድራሻዋን ጻፍኩና፣ ደብዳቤ ሁሉ ለእኔ ይላክ፣ እናቴ መርዶውን አልተረዳችም የሚል ማስታወሻ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማክበሬን በሌላ በኩል ላደርገው እችል ነበር። ቅጹን በደንብ አንብባችሁ መርፌ ቁልፉን ብቻ ስላላያችሁ ግን ሳላመሰግናችሁ አላልፍም።

2ኛ. በወረቀት ብቻ አላመንኩም። መስኮት ቁጥር አራት ቆሜ ለፀሐፊዋ በአፌ ነገርኳት፤ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ብዙ ጻፈች፤ ከረሜላም ሰጠችኝ። በኋላ እንደተገለጸልኝ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የጻፈችው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለከረሜላው ግን ምስጋናዬ ይድረሳት።

3ኛ. ለወራት ለአንዱም ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። የጠፋ ማመልከቻ ነበር፣ የፈረሰ ቀጠሮ ነበር፣ ዕረፍት ላይ ያለ ሠራተኛ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል በቀኑና በሰዓቱ፣ ሳትሳሳቱ፣ ከነመንገድ ቁጥሩ ያደረሳችሁት አንድ ደብዳቤ አለ፤ እሱም እንዳትልኩት የለመንኳችሁ ነው። ዶአር ራሹም ነው፤ በፊርማ የሚሰጥ፣ እንዳይጠፋ የሚጠበቅ ደብዳቤ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላው ሥራችሁም ቢለመድ አገር በተለወጠ ነበር።

እናቴ ደብዳቤ መጥቶልሻል ሲሏት የልብ ሐኪሟ ቀጠሮ መስሏት ደስ ብሏት ወረደች። ደብዳቤ የሚታደለው ከቤቷ በታች ባለችው ሱቅ ነው፤ ሐሙስ ነበር፣ ሱቋ ለሰንበት በሚሸምት ሰው ሞልታ። ማንበብ ስለማትችል ሂሳብ ተቀባይዋን ኤስቲን አንብቢልኝ አለቻት። ኤስቲ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ለቤት ብቻ የሚበቃ። አንብባ ስትጨርስ ልጅዎ ሙላው ስለሞተ ቤቱ ለእርስዎ ነው ይላል አለቻት። ሰባት ወር ያለፈው ሞት ነውና ታውቃለች ብላ ነው፤ አልፈርድባትም። ልጅቷ እስከ ዛሬ እኔን ስታይ ታለቅሳለች።

እናቴ የዳቦው መደርደሪያ ሥር ቁጭ አለች። ከግራም ከቀኝም የሚይዛት አልነበረም። ደርሼ ሳነሳት የጠየቀችኝ ስለ ልጇ አሟሟት አልነበረም፤ መቼ ነው የሚለውን ብቻ ነበር። ነገርኳት። በጣቶቿ ቆጠረች። ሊራዝ፣ የእህቴ ልጅ፣ የተዳረችው በላግ ባዖሜር በዓል፣ ሙላው ከሞተ በአምስተኛው ወር፣ ነበርና እዚያ ላይ ስትደርስ ጣቷን ያዘች። ልጄ አፈር ለብሶ እኔ እስክስታ ወረድኩ፣ እልልም አልኩ፣ አለችኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል? እናንተ ብዙ የተማራችሁ ናችሁና ብትነግሩኝ።

ፊቴን አዙሬ የማልሸሸው ነገር ይህ ነው፤ የደበቅናት እኛ ነን፣ ሠርግ የወሰድናትም እኛ ነን። ያቺ ጎህ ብትደርስ ኖሮ አጎቴ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር፤ ለምን እንደዋሸን ይነግራት ነበር፤ አብረን አልቅሰን ይወጣልን ነበር። የነጠቃችሁን እሱን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ብንነግራት አላመነችንም። ወንድሜ ጋዲ ከሐይፋ ሲደውል ይህ የጋዲ ድምፅ አይደለም፣ እሱንም ቀብራችሁታል አለች። በነጋታው መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው፣ እጇንም መልሳ ሰበሰበች። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔም ልብ ነው እላለሁ።

4ኛ. ከቀብሯ በኋላ በስሟ የወራሽነት ትእዛዙ ጸድቆ መጣ። ማኅተሙ ያምራል። ወራሿ ስለሞተች አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ቅጽ፣ የወራሾች ሁሉ አድራሻ እንደሚያስፈልግ በትሕትና ገልጻችሁልኛል። ቧንቧው አሁንም ያፈሳል።

ክቡርነትዎ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታ የሚጻፍበት ቦታም ኮምፒዩተሩ እንደማይኖረው እገምታለሁ። ወራሽ መሆኑን ከመንገርዎ በፊት ሰውየው መርዶውን ሰምቶ እንደሆነ የሚጠይቅ አንዲት መስመር ብቻ ቅጹ ላይ ያስገቡልን። ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅር ይበሉኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ክፉ የሚነግርዎ ሰው ቢመጣ እንኳ አጠገብዎ የሚይዝዎ አይጥፋ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የትሁን ልጅ፣ የሙላው እህት፣ በመዝገባችሁ ደግሞ አመልካች፣
ናዓማ ይታየው፣ ሮቫ አሌፍ፣ አሽዶድ

ማስታወሻ፦ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አገሬ የምትባለው፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ማገገሚያ ቤት ተኝታለች፤ ትሁን ለምን አትደውልም እያለች በየቀኑ ትጠይቀናለች። መጪው እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን። ይህን የምታነቡ የአሽዶድ ሰዎች፣ እባካችሁ እስከዚያ አፋችሁን ያዙልኝ። ክቡር ኃላፊ፣ የእርስዎን ቢሮ ግን አልሰጋም፤ ሕጉን ሦስት ጊዜ አስነብቤ አረጋግጫለሁ፣ አገሬ ከእህቷ ምንም አትወርስም።