በአውቶብሱ መስታወት ላይ ያነበብኩት

እህቴ፣

ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጠበቅ አድርጊው።

ልጄ ለምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ጉዞ አንቺ በተከራየሽው አውቶብስ አትሄድም። ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላ ነበር። አሁን አኩርፋኛለች።

ትናንት ከመሠረተ ትምህርት ስመለስ በጋራዡ በኩል አለፍኩ። አውቶብሱ ቆሟል። የኋላ ጎማው እንደ መላጣ ራስ ልሙጥ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የዓመታዊ ምርመራ ቦሎ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ጊዜው ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስነግርሽ፣ «እትዬ፣ ፊደል ቆጠርሽና ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ልጄ እንድትሄድ የምፈቅድበትን ወረቀት ያመጣሽልኝ ቀን ግን «አውቶብሱ ተመርምሯል ይላል፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አልሽኝ። አምኜሽ ፈረምኩ። ትናንት እኔ ጋ የቀረውን የወረቀቱን ቅጂ ራሴ አነበብኩት። እንደዚያ የሚል ቃል የለበትም።

የአውቶብሱ ባለቤት ማን እንደሆነ አልጽፍም። ያሰረልሽ ቀለበት ጣትሽ ላይ ነው።

ጎረቤት እየሰማ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ጩኸቱ ብቻ።

የቤቱ ቁልፍ ምንጣፉ ስር ነው።

እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ። ገና ፊደል ያልለዩት እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለእነሱም ወረቀቱን ያነበብሽላቸው አንቺ ነሽ። ዛሬ ቦሎውን እኔ አነብላቸዋለሁ። ቀስ ብዬ ስለማነብ እንቆያለን፤ አውቶብሱ ይጠብቅ።