ዜናውን አሁን የምሰማው እኔ ነኝ

ለዓለሜ፣ ለተፈራ፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ደብዳቤ የሚጀመረው እንደምን አለህ ተብሎ ነው፤ አንተ ያለህበት ግን ብርድም ሕመምም የለም ስለሚሉ ጥያቄውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው፣ ደረጃ ላይ ያማርረኛል። አሁንም በዚሁ በሰው አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ እዚያው ቤታችን ውስጥ ነኝ። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታየው፤ ስንት ነገር አልፎ ነው እዚህ የቀረሁት።

መጀመሪያ ስለ ሬዲዮህ ልንገርህ፤ ትቆጣ እንደሆነም አሁኑኑ ተቆጣና ይውጣልህ። ሞቷል። ለቅሶ የደረሱት እናቶች ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ ብሼ እስከ ሙት ዓመቱ አልነካውም ብዬ በነጭ ሻሽ ሸፍኜ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥኩት። ባትሪ ድንጋዩን ማውጣት እንዳለብኝ ማን ይንገረኝ? የሬዲዮ ነገር ያንተ ነበር። ሙት ዓመትህን አውጥተን እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ሻሹን ገልጬ ቁልፉን ባዞረው ጭጭ አለ። ልጃችን ዮናስ ከኋላ ሲከፍተው ድንጋዮቹ አፍስሰው ሆዱን በልተውታል። ላከብርህ ብዬ ሬዲዮህን ገደልኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

አንተ ሳለህ ይህ ቤት ያለ ወሬ ውሎ አያውቅም። ጠዋት ታክሲህን ይዘህ ከመውጣትህ በፊት ወጥ ቤት ቆመህ፣ አንገትህን ወደ ሬዲዮው ዘንበል አድርገህ የእንግሊዝኛውን ዜና ትሰማለህ። እኔ ለሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ምን አለ? እልሃለሁ። የአየሩን ነገር አንድ ቀን እንኳ በቁጥር ነግረኸኝ አታውቅም። ዛሬ ካፖርት ብቻ ትለኛለህ፤ ዛሬ ካፖርትና ሁለት ካልሲ ትለኛለህ። አንዴማ ያለሽን ሁሉ ልበሺ ብለኸኝ እንደ ድንች ጆንያ ተጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ መውጣት አቅቶኝ ሾፌሩ እጄን ይዞ ጎትቶኛል። ጦርነቱንም፣ ምርጫውንም፣ የአገር ቤቱንም ጉዳይ እንዲሁ ታሳጥርልኝና ለክፉ አይሰጥም ብለህ ትዘጋዋለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምሰማው አንተን ነው።

ሬዲዮህ ከሞተ በኋላ ዮናስና ሚስቱ ሆፕኪንስ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ሊወስዱኝ ተነሡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ሳልሰማ አንዱን ክፍል ለእኔ ቀለም ቀብተውት ነበር። ልጅህ ክፉ አይደለም፣ ይፈራል። ስንቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤቱ ፀጥ ብሎ፣ እኔም መብራት ሳላበራ ቁጭ ብዬ አግኝቶኛል። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ኒውስ አትሰሚ፣ እንግሊዝኛ ሲሆን ስልክ አታነሺ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይነግርሻል?» አለኝ። የሚነግረኝ አንተ ነበርህ። የልጅ ቤት ደግ ነው፣ ግን ማንኪያውን የት እንደማገኘው ጠይቄ የምኖርበት ቤት ነው። ብቻ ይህን በጋ ታገሡኝና ሬዲዮ ወደሚሸጥበት ውሰዱኝ አልኩ። ዜናውን ራሴ እየሰማሁ በጆሮዬ እንደማልታማ ካላሳየሁ መሄዴ ነው።

ዮናስ መንገዱን ሙሉ ሁሉም እኮ ስልክሽ ላይ አለ፣ አፑን ዳውንሎድ አደርግልሻለሁ ይለኛል። ስልኬ ላይ ዜና ስከፍት እህትህ ትደውላለች፤ እህትህ ከደወለች ደግሞ ዜናው አልቆ ሌላ ዜና ይደርሳል፤ ታውቃታለህ። ሚስቱ በበኩሏ ስሙን ጠርተሽ ስታዢው ዜና የሚነግርሽ ዕቃ አለ አለችኝ። በስተርጅና ከዕቃ ጋር ልነጋገር? ካንተ ጋር መነጋገሬ አይበቃም?

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ትልቅና ጥቁር ነበር። ሙዚቃ ሲሆን መደርደሪያውን ያንቀጠቅጣል፤ ሰው ሲያወራበት ግን ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሁለተኛው ስስ ነገር፣ ቁልፎቹ ምስር የሚያካክሉ፤ በእኔ ዓይን አይሆንም። ሦስተኛውን ዮናስ ወደደው። ቆንጆ ነው አልክድም፣ ግን ድንጋይ የለውም፣ ቻርጅ ካልተደረገ አይሠራም። መብራት ቢጠፋስ ብዬ ብጠይቀው፣ «እማዬ፣ እዚህ እኮ አዲስ አበባ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ የያዝኩት ግራጫ፣ ማንጠልጠያ ያለው፣ ከጡብ ያነሰ ነው። በግድግዳው መብራትም በድንጋይም ይሠራል። ሲከፈት ቀጭ የሚል ቁልፍ አለው፤ ጣቢያ የሚፈለገውም እንዳንተው በሚዞር ቁልፍ ነው። ሱቁ መሃል ሲንሿሿብኝ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት፣ አንቴናውን ሳብኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዲት ሴት ዜና ታነባለች። ሁሉም አልገባኝም፤ ግን ቃሉ አንድ በአንድ፣ እንደተለቀመ ስንዴ ለየብቻው ይሰማኛል። ዮናስ እናቱ ሱቅ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና መቆሟ አሳፍሮት ወዲያ ዞረ። ይሄ ነው አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ግማሹ እያመለጠኝ ተቸገርኩ። የአየሩን ቁጥር ሰምቼ በረንዳ እወጣና የቱ ቁጥር ስንት ካልሲ እንደሆነ በገላዬ ተማርኩ። በሳምንት አንዴ የአማርኛው ዝግጅት ሲመጣ ጆሮዬን አሳርፋለሁ። ከወጥ ቤት መኝታ ቤት አንጠልጥዬው እዞራለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፦ ዜናው እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ እንዴት ቁርስ ይበላል? አንተ እየበላህ ነበር የምትነግረኝ።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። በወሩ መጀመሪያ ረቡዕ ለሙከራ የሚጮኸው የአደጋ ጡሩምባ ቅዳሜ ጮኸ፤ ወዲያው መብራት ድርግም አለ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ገና ቻርጅ ላይ መሰካቱ ነበር። ሬዲዮውን ከግድግዳው ነቅዬ በድንጋዩ ከፈትኩት። ሰውዬው የአካባቢዎቹን ስም ሲያነብ የእኛም አለበት፤ ወደ ምድር ቤት ውረዱ ይላል። ፊት ለፊታችን ያሉትን እትዬ ጫልቱን አንኳኩቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ፣ ሁለታችንም እያነከስን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረድን። ጨለማ ነው። በረዶው ትንሿን መስኮት ይደበድባታል። ሬዲዮው ጭኔ ላይ ነው፤ ጣሪያ የሚገነጥል ነፋስ፣ እንቁላል የሚያክል በረዶ ይላል፤ እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። እትዬ ጫልቱ እጄን ጨበጥ አድርገው፣ «ምን አለ?» አሉኝ።

«ለክፉ አይሰጥም። እስኪያልፍ እዚሁ ቁጭ እንበል» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ያንተ ቃል ነው። እሳቸው ግን ትንፋሻቸው ረጋ አለ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ለልጅ ዓሣ እንደሚያበላ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት እሾሁን እየለቀምህ ሥጋውን ብቻ ስታጎርሰኝ ኖረሃል። እሾሁን የት ታደርገው ነበር ተፈራ? ብቻህን ነው የዋጥከው። እዚያ ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደወደድኩህ ብነግርህ አታምነኝም።

ማዕበሉ አለፈ። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ዛፍ ወድቋል፤ ሰው ላይ አልደረሰም። ዮናስ ከሆፕኪንስ እየበረረ መጥቶ፣ ሲያጣኝ ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ፣ እኛን ከነሬዲዮአችን አገኘን። በየት በኩል መጣህ፣ ትልቁ መንገድ በውኃ ተዘግቷል ብለዋል አልኩት። እኔን አየ፣ ሬዲዮውን አየ፣ ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ክፍሉ ከዚያ ወዲህ አላነሣብኝም። ሚስቱ እንደነገረችኝ የስፖርት ማሽኑን አስገብቶበታል።

ያንተን ሬዲዮ አልጣልኩትም። ድንጋዩን አውጥቼ፣ ሆዱን ጠርጌ፣ ከአዲሱ ጎን አስቀምጬዋለሁ። አሁን እትዬ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳኩተው ምን አለ? ይሉኛል፤ እሾሁን ለቅሜ እነግራቸዋለሁ። ላንተ ግን ከነእሾሁ ነው የምነግርህ፤ ከእንግዲህ የሚያስፈራህ ነገር የለም፣ እኔም ብቻዬን አልውጠውም። ቁልፉ ቀጭ ባለ ቁጥር አስብሃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ዜና ሳትሰማ አትውልም።

ነገ ፀሐይ ነው አሉ፤ ካፖርትም ሹራብም አያሻም። ስለ እኔ ምን አለ? ብለህ ከጠየቅህ ደግሞ፣ ለክፉ አይሰጥም።

ያንተው አልማዝ