በጎማዎቹ መካከል አሥር ደቂቃ

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስትውል የሚያብጠው እግርህስ እንዴት አደረገህ? እናታችን ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ፀጉር ቤትህ በር ላይ ተቀምጠው የሚውሉት ሽማግሌ ደንበኞችህ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ስልህ እንደነበረው ዓይነት «ደህና ነኝ» አይደለም፤ የዛሬው የምሬን ነው። ልጅ ሆኜ «ታላቅሽን አንቱ በዪ» ስባል እምቢ ብዬ ያደግኩ ነኝና ዛሬም አንተ እያልኩ ስጽፍልህ እንደ ልማድህ ይቅር በለኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ አንተ ደግሞ ሆዴ መባባቱን ስታውቅ ቀልድ ትጀምራለህ፤ ከዚያ ተሳስቀን እንዘጋዋለን። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የደበቅኩህን ላውጣው። አውቶቡሴ ላይ አደጋ መድረሱንና አንዲት ተሳፋሪ መጎዳታቸውን ነግሬሃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሥራ ተመለስኩ አልኩህ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱን ግን ከወገቡ ቆርጬ ነው የነገርኩህ። የተመለስኩት መሪው ጋ ሳይሆን ስምሪት ክፍል ነበር፤ የሌሎች ሹፌሮች የመውጫ ወረቀት ላይ ማኅተም ልመታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጠዋት ዝናብ ነበር። ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ከፊት ለፊቴ አዳልጦት ወደቀ፤ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ሰውዬው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ተረፈ። ከኋላዬ ቆመው የነበሩ አንዲት እናት ግን ተወርውረው ወደቁ፤ ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረ። መርማሪዎቹ መጥተው፣ ለክተው፣ ጠይቀው «ጥፋት የለባትም» ብለው ጻፉ። ወረቀቱ ነፃ አወጣኝ፤ እጄ ግን ወረቀት አያነብም። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቁልፉን ከቀዳዳው ጋር ማገናኘት አቃተኝ። ተሳፋሪው ተቀምጦ ያየኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወርጄ ቁልፉን ለስምሪት ኃላፊው አስረከብኩ። ሴትዮዋንም ሆስፒታል ሄጄ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ከዛሬ ነገ እያልኩ እግሬ እምቢ አለኝ። ከእጄ መንቀጥቀጥ ይልቅ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

አንተ ይህን ሁሉ ሳታውቅ «ድምፅሽ አላማረኝም» ብለህ ጊታርህን በሰው እጅ ላክህልኝ። እውነቱን ልንገርህ? ተናደድኩ። እኔ ከሥራዬ ልፈናቀል ነው፣ ወንድሜ ዘፈን ይልክልኛል ብዬ። ሆኖም እልህ ይዞኝ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። አልጋ ሥር ከተትኩት፣ ሦስት ሳምንት ተኛ። ስትደውል «እየተማርኩ ነው» አልኩህ። አንተም «የጣቶችሽ ጫፍ ጠነከረ ወይስ ገና ያቃጥልሻል?» ብለህ ጠየቅከኝ። ወሬ ልቀይር ብዬ ስለ እናታችን ጉልበት ጠየቅኩህ። ወሬ መቀየሬ ሁሉንም ነገረህ።

የዚያን ዕለት ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እኔ የተማርኩት አንዱ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃሻል፤ ሰዓቱ ግን አይለዋወጥ፣ ቦታውም አይለዋወጥ። መጀመሪያ ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኚ። ከዚያ ከአንዱ ኮርድ፣ ከአንዱ የክር አያያዝ ማለቴ ነው፣ ወደ ሌላው ጣትሽን ማሻገር ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ ድምፁ እስኪጠራ። መጨረሻ ላይ ከምትወጂው ዜማ ትንሽ ቆንጥሪ፣ ነገ እንዲናፍቅሽ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ደስ ቢልሽም አቁሚ። ቀን ቢያመልጥሽ ደግሞ በማግሥቱ ሃያ ደቂቃ አትቀመጪ፤ ያመለጠ ቀን አምልጧል፣ አትከተዪው።» ይህን ብለህ ደንበኛ ገባብህና ስልኩን ዘጋኸው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ከሥራ በፊት ሞከርኩ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ «እህቴ፣ ድመቷን ምን አደረግሻት?» አለችኝ። ከሥራ ስመለስ ሞከርኩ፤ ጊታሩን እንዳቀፍኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንዲህ ስባክን ከርሜ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጊታሩን ይዤ በአውቶቡሶቹ ግቢ ጥግ ስፈልግ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍሉ ጠባቂ አየኝ። ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው የቁልፍ ዘለላ ከሩቅ ስለሚሰማ ሁላችንም አባ ቁልፍ ነው የምንለው። «ግቢ» አለኝ፤ «ግን ክፍሉን ክፍት ትቼ መሄድ ደንቡ አይፈቅድልኝም። ሻይ ልጠጣ ስሄድ እቆልፍብሻለሁ፣ ስመለስ እከፍትልሻለሁ።»

ጋሼ፣ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይገኛል! በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጎማ ቁልልና በዘይት በርሜል መካከል ተቆልፎብኝ ምን ልሥራ? ስልክ እዚያ ውስጥ አይሠራም፤ መስኮትም የለም። መለማመድ ብቻ ነው። አባ ቁልፍ ሻዩን ትኩሱን ስለሚጠጣ ከአሥር ደቂቃ አልፎ አያውቅም። ሲመለስ በሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ አንዲት ሰረዝ ያሰምርልኛል። ሰው መጥቶ «ማነው የሚዘፍነው?» ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ «ገና ዘፈን አልሆነም፣ ሲሆን እነግርሃለሁ» ይላል።

ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ለመሻገር አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጣቶቼ ሳላዛቸው ራሳቸው ሄዱ፤ ደንግጬ ጊታሩን ልጥለው ነበር። በመሃል ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን ቀረሁ። በድሮ አመሌ ቢሆን በቃ ተበላሸ ብዬ እተወው ነበር። «አትከተዪው» ያልከኝን አስቤ በአምስተኛው ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ አሥር ደቂቃዬን ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት፣ ለካ እንቁላሉም ተቆልፎበት ነው።

አንድ ሐሙስ ታዲያ በሩ ከሰዓቱ ቀድሞ ተከፈተ። ተሳፋሪ ረስቶት የሚወርደው ዕቃ የሚቀመጠው እዚያው ክፍል ነውና፣ አባ ቁልፍ ጃንጥላቸው የጠፋባቸውን አንዲት ሴት አስከትሎ ገባ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸው ነበሩ፤ አውቶቡሴ ውስጥ የወደቁት እናት። መሸሻ የለኝም፤ ጊታሩ ጭኔ ላይ ነው፣ በሩ ላይ እሳቸው ቆመዋል። «ሹፌሯ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» በቀን አሥር ደቂቃ ጊታር እየተማርኩ ነው አልኩ። «ለምን?» «እጄ ስለሚንቀጠቀጥ» አልኳቸው።

የጃንጥላውን ነገር ትተው መጡና እጄን እንደ ሐኪም ያዙት። ለካ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ኖረዋል። ከዚያ የራሳቸውን ቀኝ እጅ አሳዩኝ። ጄሶው ወጥቷል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም፣ እንደ ደረቀ ጓንት ተገትረዋል። «በቀን ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሺው ብለውኛል። ብቻዬን ስሆን ሕመሙ ያሸንፈኛል፣ እተወዋለሁ» አሉ። ያን እጅ ሳይ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን «ልቅሶው ይቆየን፤ ስንት ደቂቃ ቀርቶሻል?» አሉኝ። አራት አልኩ። «እንግዲያው ቀጥዪ» ብለው ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ኮርድ በቀየርኩ ቁጥር እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ጣታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። አባ ቁልፍ የዚያን ቀን ሻዩን ረሳው።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ፤ አባ ቁልፍም ሁለታችንንም ቆልፎብን ይሄዳል። ጣቴ ሲሰናከል «አይዞሽ፣ ተንፍሺ፣ አትቸኩዪ፣ አሁን... ጎሽ!» ይሉኛል። ስስቅ ደግሞ «በዚህ ድምፅ ሰፈር ሙሉ ሰው አዋልጃለሁ፤ አንድ ዜማ ያቅተኛል?» ይላሉ። በሁለተኛው ወር የካፖርታቸውን ቁልፍ በቀኝ እጃቸው ራሳቸው ቆለፉ። የዚያን ቀን የቆየብኝን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ስብራቱ ብቻ ሳይሆን ሆስፒታል ስላልሄድኩበትም። ስለ ሆስፒታሉ «እሱስ አስቀይሞኝ ነበር» አሉኝ በግልጽ። ስለ ፍሬኑ ግን «ባትረግጪው ኖሮ ሰውዬውን ወርጄ ከጭቃ ላይ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ለሞተ ሰው ደግሞ አዋላጅ ምን ታደርግለታለች?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የዚያን ቀን ነገር አንስተን አናውቅም።

መሪውን የመለስኩትም ባንተው ምክር ነው። ከጊታሩ በኋላ አሥር ደቂቃ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ልቀመጥ ብዬ የስምሪት ኃላፊውን ለመንኩት። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ይዞ መቀመጥ ብቻ፤ ከሳምንት በኋላ ሞተሩን ማስነሳት፤ ከዚያ ግቢውን አንድ ዙር። ደስ ቢለኝም ከአሥር ደቂቃ አላልፍም። ኃላፊው «መንዳት ረስተሽ ነው ወይስ አውቶቡሱን ልታጪው ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ፈተናውን አልፌ በድሮው መስመሬ ወጣሁ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አዋላጇ ቆመው ጠበቁኝ። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ አልተቀመጡም። ከኋላዬ መጥተው ብረቱን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ። በመስታወቱ እያየኋቸው እባክዎ ይቀመጡ አልኩ። «ንጂ!» አሉኝ። ነዳሁ።

ጋሼ፣ በሙዚቃ የተዋጣልኝ እንዳይመስልህ። ሁለት ዜማ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው መሃሉ ላይ ይሰበርብኛል። ግን አንጀቴን አራስከው። ያለህ ጊታር ያ አንድ ብቻ እንደነበረ፣ ከላክህልኝ ወዲህም ደንበኛ በሌለ ሰዓት መቀስ ስትስል እንደምትውል ያመጣልኝ ሰው ነግሮኛል። ልመልስልህ ብልህ እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠየቅኩህም። ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ አግኝቼልሃለሁ። ጎኑ ትንሽ ተጭሯል፤ ድምፁ ግን ወፍራምና ሰከን ያለ ነው፣ እንዳንተ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው ይዞት ይመጣል። ያንተን ጣቴ ለምዶታልና እኔው ጋ ይቅርልኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ ስታነብላት የአደጋውን ቦታ አትዝለልባት፤ ትቆጣኝ፣ ቁጣዋም ናፍቆኛል። ባለቤትህን ያን ሁሉ ወር ያለ ሙዚቃ ስላስቀመጥኳት ይቅርታ በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገርልኝ። ትንሿን ደግሞ የወለቁት የፊት ጥርሶቿ ሳይተኩ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሽማግሌ ደንበኞችህን በየተራ ሳምልኝ፤ ፀጉር ያለውንም የሌለውንም።

አንተን ግን በምን ቃል እንደማመሰግንህ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ስድሳ ሰው ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ታች ደርሼ ስቆም ነው ትዝ ያለኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስለ እጄ አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከመጨረሻው ፌርማታ፣ ከሹፌሮች ማረፊያ ክፍል
ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን