ከባሕር ላይ መሸኛ አምጪ ላሉኝ የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ
ቢሮዎ ውስጥ፤ እዚያ ካልተገኙ ስብሰባ ላይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የጉና ብርድ በዚህ ክረምት ወገብዎን እንዳልያዘዎት፣ ከወንበርዎ ጀርባ የሚሰቀለው ጋቢዎም በደኅና እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ስመላለስ እርስዎን ያገኘሁት ሁለት ጊዜ፣ ጋቢውን ግን ሁልጊዜ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር ይበልጥ ተዋውቀናል።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ወርቅነሽ ጋሹ እባላለሁ። ከጋፋት ወረድ ብላ ካለችው መንደር ተወልጄ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሄጄ፣ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ዓመት በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ “ነጻ ማኅበረሰብ” ውስጥ የኖርሁ ሴት ነኝ። ሰባት ዓመት የሞላት ዓይናለም የምትባል ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀቷን ይጠይቃል፤ ለልደት ወረቀቷ የእኔ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያዬ ደግሞ ከመጨረሻው መኖሪያዬ መሸኛ ካላመጣሁ እንደማይሆን እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ስለዚህ የታዘዝሁትን ለምን እንዳላሟላሁ፣ ሕዝብም እንዲፈርደኝ፣ በቁጥር አስቀምጬ በአደባባይ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

1. መሸኛውን በተመለከተ። የነበርሁበት ቦታ ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ ሲሆን፣ በብረት ታንኳ ላይ የተሠሩ ቤቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚንሳፈፉበት ነበር። አሠሪዎቼ እዚያ ቤት ሲገዙ ከፍሪጁና ከምንጣፉ ጋር እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። መሥራቹ ሰውዬ በየሳምንቱ እየሰበሰበ፣ እዚህ መንግሥት የለም፣ ግብር የለም፣ ቢሮ የለም፣ ማኅተም የለም ይለን ነበር። ላልዋሽዎት፣ ይህን በሰማሁ ዕለት ልቤ እልል ብሏል፤ ቀበሌ የሌለበት አገር እግዜር አሳየኝ ብዬ ለእናቴም በስልክ ነግሬያታለሁ። የዚያን እልልታ ዋጋ ይኸው በእርስዎ ደጅ እየከፈልሁ ነው። ባለፈው ኅዳር ለመሥራቹ ጽፌ መሸኛ ብለምነው፣ ማኅበረሰባችን በማኅተም አያምንም የሚል መልስ በኢሜይል ላከልኝ። አሳትሜ ሳመጣው ጸሐፊዎ ገልብጠው አይተው፣ ቁጥርና ቀን የለውም፣ ክብ ማኅተምም አላረፈበትም ብለው መለሱልኝ። በማኅተም አለማመኑን በማኅተም አረጋግጦ እንዲልክልኝ ደግሜ እጽፍለት እንደሆነ መመሪያዎን እጠብቃለሁ።

2. ወረዳና የቤት ቁጥር። ጸሐፊዎ የወረዳውን ስም ሲጠይቁኝ ወረዳ የለውም ብላቸው ተቆጡ፤ በኋላ ግን ራርተውልኝ “ወረዳ፦ ባሕር” ብለው ሞሉት፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የቤት ቁጥሩን ግን እንኳን እኔ ባለቤቱም አያውቀው። የመሥራቹ ትልቁ ጥበብ ቤቶቹ የሚፈቱ መሆናቸው ነበር። ከጎረቤቱ ያልተስማማ ሰው መቆለፊያውን ፈትቶ ቤቱን በጀልባ እያስጎተተ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ነጻነት ማለት ይህ ነው ይሉን ነበር። በአራተኛው ዓመት ሁለት ባለቤቶች በቆሻሻ መድፊያ ተጣሉና አንደኛው ማለዳ ፈትቶ ሄደ። የዚያ ቤት የሞተር ሠራተኛ የእብናቱ ልጅ ብርሃኑ፣ የዓይናለም አባት ነበር። ለአሠሪዎቼ ቁርስ አቅርቤ ስወጣ በመካከላችን ሰፊ ውሃ ገብቷል። እጁን ሲያውለበልብ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። በቅጹ ላይ “የአባት ፊርማ” ለሚለው ቦታም መልሴ ይኸው ነው።

3. የሰው ምስክር። አያ ማሩና አያ ሙላቴ የተባሉት ጎረቤቶቼ በእርሻ ድንበር ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እንደ ባሕሩ ሰዎች ቤታቸውን ፈትተው መሄድ ስለማይችሉ፣ አንዱ በሌላው ማሳ ጥግ እያለፈ፣ ለቅሶ ሲሆንም አንዱ የሌላውን ዘመድ ቃሬዛ እየተሸከመ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ለእኔ ሲሉ ግን በአንድ መንገድ፣ ሃያ ክንድ ያህል ተራርቀው፣ ከመንደር እስከ ቢሮዎ በእግራቸው መጡ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወርቅነሽን ስትወለድ ጀምሮ እናውቃታለን አሉ። እርስዎም መወለዷን እንጂ የት እንደኖረች አላያችሁም ብለው አሰናበቷቸው። እውነትዎን ነው፤ አያ ማሩ እንኳን ባሕር ጣናንም አላየ። ያየችኝ አንዲት ፊሊፒናዊት ወጥ ቤት ናት። ሐኪሙ የሚኖረው የብስ ላይ ነበርና፣ ማዕበሉ ጀልባ ስለከለከለ፣ ዓይናለምን በወጥ ቤት መቀስ እትብቷን ቆርጣ ያዋለደችኝ እሷ ናት። አሁን የት እንዳለች አላውቅም፤ ብትገኝም አማርኛ አትችልም።

4. “የለቀቁበት ምክንያት።” ይህን በሁለት ቃል እንድሞላ ታዝዣለሁ፤ ሁለት ቃል ግን አይበቃኝም። ከማንም አንፈልግም የሚሉት ሰዎች ዱቄታቸውን፣ ነዳጃቸውንና መድኃኒታቸውን የሚያስመጡት ከወደብ ነበር። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሰላጣ አብቅለው እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጎበኛሉ፤ በሰላጣ ሦስት መቶ ሰው እንደማያድር የፋርጣ ገበሬ ሳይማር ያውቀዋል። ጨዋማውን ውሃ የሚያጣራው መኪና ሲበላሽ የመጠጥ ውሃ በመርከብ ይለመናል። ብረቱን ጨው ስለሚበላው ሁለት መቶ ሠራተኞች ከማለዳ እስከ ማታ ዝገት እንፍቅ ነበር። እኛ ግን የማኅበረሰቡ አባል አልነበርንም፤ አባል ቤት የገዛ ነው። ደመወዜን ለአምስት ወር ሲከለክሉኝ፣ እመቤቲቱ በጥፊ ስትመታኝ፣ አቤት የምልበት በር አልነበረም፤ ውልሽን አንብቢ ብቻ ነው የሚሉኝ። ኋላ ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ግብሯን አንከፍልም እያሉ ሲያሾፉባት የነበረችውን የቅርቧን አገር የባሕር ጠባቂ ጮኸው ጠሩ። እነሱ በሄሊኮፕተር ወጡ። እኛን መርከብ አንድ ወደብ ላይ አራገፈን፣ አራት ወር ታስረን በሊሴ ፓሴ፣ በጊዜያዊ የጉዞ ወረቀት፣ አገራችን ገባን። ይህን “የግል ጉዳይ” ብለው ያሳጥሩልኝ።

ክቡር ሆይ፣ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን የቀበሌያችንን ታፔላ ሳይ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ዘበኛው ምስክሬ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አቤት የምልበት በር የናፈቀኝ ሰው ነበርሁና በሩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አመንሁ። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ፤ ጨዋነቴ ከብዕሬ ያለፈ እንዳይመስልዎ። ልጄ ተወልዳለች፣ ትስቃለች፣ ትራባለች፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ጠረጴዛዎ ፊት ቆማ ስታስነጥስ መስማት በቂ ነበር።

ላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። በተለይም ተራ ስንጠብቅ ዓይናለም በግድግዳዎ ላይ ከተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ፊደል መለየት ስለጀመረች ባለውለታዎ ነኝ። “መታወቂያ ለመስጠት 30 ደቂቃ” የሚለውን መስመር ያለ ረዳት ታነበዋለች።

ስብሰባዎ ሁሉ ከነአበሉ የሰመረ፣ ማኅተምዎ ከመሳቢያው ሳይወጣ የሚያረጅ ይሁንልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በቆመ እግሬ እሰናበታለሁ።

ወርቅነሽ ጋሹ
የወረዳ ባሕር ነዋሪ የነበረች፣ አሁን የትም ያልተመዘገበች

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው አካል፤ የሚመለከተው ከተገኘ

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦ መሥራቹ ሁለተኛ ተንሳፋፊ ማኅበረሰብ እየሠራ ነው። ከደብዳቤዬ አድራሻዬን አግኝቶ፣ ከነልጅሽ ነይ ብሎ ቅጽ ልኮልኛል። መታወቂያ አይጠይቅም፤ የልደት ወረቀትም አይጠይቅም። ከአንድ ቦታ በቀር ሁሉንም ሞልቻለሁ። ከዓይናለም ስም ፊት ለፊት “የምትሠራው የሥራ ዓይነት” ይላል። እስከ ዓርብ አልሞላውም።