ከጥዱ ሥር የቆምኩባቸው እሑዶች

እሑድ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2011

ዛሬ ውጭ ነበርኩ። ቀኔ ነው… ማለቴ በቀይ እስክሪብቶ ያከበብኩት ቀን። ማርያም ግቢ፣ ከጥዱ ሥር፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አደፍ ላይ እንዳለች ሴት አንገቴን ደፍቼ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ።

የወር አበባ ካየሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማህፀኔ ከነዕጢው አዲስ አበባ ቀርቷል። ታዲያ ለማን ነው የምቆመው? ለድንቅቱ! ጎረቤቴ ናት፣ ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። ወሩን ሙሉ ውስጥ ከገባሁ «ዓለሚቱ ምነው?» ትላለች። እስከ ማክሰኞ አምቦ በሙሉ ሆዴ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ይቆጥራል።

ለቀዶ ጥገናው ስሄድ «ጨጓራዬን ነው» ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት አልጫ ይቀርብልኛል። ቀይ ወጥ ዓይኔ እያየ ያልፋል። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ኦቦ ሙቀቱ ዛሬ አራት ጊዜ መጣ።

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለሚነሳብኝ ሙቀት ስም አውጥቼለታለሁ፤ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት። በር አያንኳኳ፣ አካም ጅርታ ብሎ ሰላምታ አይሰጥ። ከደረቴ ይነሳና አንገቴን፣ ጆሮዬን፣ አናቴን… ልቤ ይደልቃል፣ ላቤ ይንቆረቆራል። ከዚያ እንደ አመጣጡ ውልቅ ብሎ ይሄዳል።

መዝገብ ቤታችን ቀዝቃዛ ነው። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ አብሮኝ የሚሠራው ጉተማ ይዘጋል። ልጁ ሹራብ በሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። «ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ፣ እትዬ ዓለሚቱ? ውርጭ እኮ ነው!» አለኝ። «ፋይሎቹ አየር ይፈልጋሉ» አልኩት። አመነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

አንድ ባለጉዳይ መጡ። አቶ ከበበው ይባላሉ፤ ወደ ጌዶ መውጫ ላይ የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ። የቦታቸው ፋይል ጠፍቷል ተብለው ሰባት ወር ተመላልሰዋል። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ወንበሬን አይተው «ይቺ እግሯ ሊወልቅ ነው፣ እንዳትጥልዎት» አሉና ቁጭ ብለው አጠበቁልኝ።

ሰባት ወር ያመላለሳቸው መሥሪያ ቤት ወንበር!

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ፋይሉን አገኘሁት። «ሀገረ ሕይወት» የሚል የአምቦ የድሮ ስም ማኅተም ካለባቸው አሮጌ መዝገቦች ሥር ተቀብሮ ነበር።

እንግዲህ ደውዬ መንገር ነበረብኝ…

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

«አልተገኘም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሱ» አልኳቸው። ምን ነክቶኝ ነው? የአርባ ሰባት ዓመት ሴት! የመሳቢያዬን ቁልፍ ሠርተውልኝ ሄዱ። ፋይላቸው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ተያዝኩ!

ኦቦ ሙቀቱ ድንገት መጣብኝ። እጄ የገባውን አንስቼ ማራገብ ጀመርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ስከፍት አቶ ከበበው ፊቴ ቆመዋል፣ ማራገቢያዬን እያነበቡ። ስማቸው በትልቁ ተጽፎበታል።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። «ያው… ዛሬ… አሁን ነው የተገኘው» አልኩ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ባለፈው ቁልፉን ስሠራ አይቼዋለሁ። ግን ሐሙስ ቀን ጥሩ ቀን ነው።»

ጉተማ ሹራቡን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሲስቅ አየሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 2

ቀይ የተከበበ ቀን። ጥዱ ሥር ቆምኩ። ከበበው ከወንዶቹ በር ሆኖ አየኝና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። (አሁን «አንተ» ሆኗል። ማክሰኞ ሻይ ቤት ነው የተሻገርነው።) ሰው ከጸሎቱ ወጥቶ እንዲህ በልቡ ይዘላል? እግዚኦ ማረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ጠየቀኝ። በሽማግሌ ሳይሆን በራሱ አፍ፣ ፓስታ እየበላን። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት፤ ልጅ አልነበራቸውም። «ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል። ከጥምቀት በኋላ በቁርባን እንጋባ፣ ገና ሲያልፍ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። ፓስታው ትክክለኛ መንገዱን ሳተና ትን አለኝ፣ አስተናጋጇ ጀርባዬን መታችኝ። እሺ ማለቴን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

እሺ ብያለሁ! እኔ!

እሑድ፣ ኅዳር 30

እንደ ልማዴ ውጭ ቆምኩ። ስንወጣ ከበበው አብሮኝ ወረደ። እንደ ጎረምሳ ጫማውን እያየ ነው። በመጨረሻ ቃል ወጣው። «ድንቅቱ ስትጫወት ሰማሁ… አንዳንድ እሑድ ውጭ እንደምትቆሚ… እኔም አይቻለሁ። እና አሰብኩ… ሣራ እንኳ በዘጠና ዓመቷ… እግዚአብሔር ከፈቀደ አንድ ልጅ…»

ፊቱ ያበራ ነበር።

ኦቦ ሙቀቱ የዚያን ሰዓት መምጣቱ ጠቀመኝ። ፊቴ ሲቀላ አፍሬ መሰለው።

ምን አደረግሁ? ለጎረቤት ያዘጋጀሁት ውሸት ላታልለው የማልፈልገውን ሰው አታለለ። እኮ አሁን ምን ልበል? «ያ ሁሉ ቁሞ ማስቀደስ ቲያትር ነው» ልበል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ቤቱን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ንጹሕ ቤት ነው፣ ግቢው ውስጥ ኮክ አለ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ሳይ ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው። የውጭ መቀርቀሪያው በራሱ ወርዶ ጠቅ አለ። ያን ጊዜ ሙቀቱ ተነሳ። ልቤ ደለቀ፣ አየር አጣሁ…

አምቦ አልነበርኩም። ከጌዶ ወዲያ ነበርኩ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከገበያ ስመለስ የጠለፉኝ ዕለት ያስገቡኝ ጎጆ። በሩን ከውጭ ቀረቀሩት። አሥራ አንድ ቀን።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ከበበው ሲከፍት ገፍትሬው ወጣሁ፣ ስገባ ያወለቅሁትን ጫማዬን እዚያው ጥዬ። የአርባ ሰባት ዓመት ሙሽራ በካልሲ አስፋልት ላይ! ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ልቅሶ ሆነ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

ሲስተር ሮዛ ጋ ሄድኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያለውን ክትትሌን የምታውቅ ነርስ እሷ ብቻ ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎጆውን፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሦስት ቀን አምጬ ሞቶ የወጣውን ልጄን፣ ወደ አክስቴ አምቦ ማምለጤን። ይህን ከአክስቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ሌላዋ ሴት ስታርጥ ደረጃ በደረጃ ትወርዳለች» አለችኝ። «አንቺን በአንድ ቀን ከሰገነት ነው የወረወሩሽ፤ እንቁላል ማምረቻውም አብሮ ወጥቷላ። ለዚህ ነው ሙቀቱ የበረታው። በዚያ ላይ ልብሽ ሲደልቅ ገላሽ ድሮ የደለቀበትን ቀን ያስታውሳል። ሙቀቱንና ፍርሃቱን መለየት ያቅተዋል።»

«እብደት አይደለም?»

«እብደት ቢሆን እኔ አላክምሽም ነበር፣ መዝገብ ቤት ነው የምልክሽ።»

ተሳሳቅን። መድኃኒት አለ፣ ሐኪሙ አይቶኝ ይወስናል አለች። ደግሞ ስለ ፍርሃቱ የምታነጋግረኝ ሴት አለች፣ ረቡዕ ረቡዕ። ስወጣ እጄን ይዛ «ለሰውየው ንገሪው» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

የረቡዕዋን ሴት አገኘኋት። ሙቀቱ ሲመጣ ያለሁበትን ቦታና ዓመተ ምህረቱን ጮክ ብዬ እንድናገር አዘዘችኝ። ከሰዓት መሥሪያ ቤት «አምቦ ነኝ! ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው!» ስል ጉተማ ተነስቶ የቀን መቁጠሪያውን አየ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ነገርኩት።

ወርክሾፑ ሄድኩ። ጥቁር የብየዳ ጭንብሉን አድርጎ ነበር፣ ደግነቱ። ፊቱን ባይ ኖሮ አልናገርም ነበር። አንዴ ከጀመርኩ አልቆምኩም። «ጨጓራዬ ደህና ነው። ማህፀን የለኝም። ውጭ የምቆመው ለሰው ነው። ልጅ አልወልድልህም፣ በዘጠናም በመቶም ዓመቴ። በሩን የደበደብኩትም…» ጎጆውንም ነገርኩት።

ማሽኑን አጠፋ። ጭንብሉን ግን አላወለቀም። «እሺ» አለ።

ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥሎ ሰጠኝ። ተወልውሏል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

አልመጣም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

አልመጣም። ጉተማ መስኮቱን ራሱ ከፈተልኝ፣ እየተንቀጠቀጠ። ይህ ልጅ ይባረክ።

የሚገርመው አልጸጸተኝም። ከፍቶኛል፣ አዎ፤ በጣም ከፍቶኛል። ግን ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ የምወደው ወንድ ስለ እኔ እውነቱን ያውቃል። ቀለል ብሎኛል። ምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ገብቼ ቀይ ወጥ አዘዝኩ። አፌ ተቃጠለ፣ ደገምኩ። ለካ በጾም ሽሮም ቀይ ወጥ ይባላል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28

ቀይ የተከበበ ቀን። አልቆምም አልኩ። ቀጥ ብዬ ወደ ሴቶቹ በር… ድንቅቱ እዚያው አገኘችኝና ዓይኗ ፈጠጠ። «ዛሬ እኮ ቀንሽ ነው!» አለች። ትቆጥርልኝ ነበር ማለት ነው! ወደ ጥዱ ጎትቼ ወስጄ ነገርኳት። ይውጣ፣ አምቦም ይስማ።

ድንቅቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ለካ ሳቅ ይዟት ነው።

«አንቺ! እኔ እኮ ካረጥኩ በኋላ አምስት ዓመት ውጭ ቆሜያለሁ! አሮጊት እንዳይሉኝ! ያውም በክረምት፣ ያውም ያለ ጃንጥላ!»

«ዝናብ እየመታሽ?»

«እየመታኝ! ሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቼ ሁላ ነበር!»

ሁለት ሴቶች በገና ዋዜማ፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ጥድ ተደግፈው በሳቅ ሲፈርሱ ዲያቆኑ ወጥቶ ገላመጠን። ተቃቅፈን ገባን።

ሐሙስ፣ ጥር 2

መጣ!

በሩ ላይ ቆሞ «ፋይል ጠፍቶብኝ ነበር» አለ። ጉተማ ወዲያው «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ወጣ።

ዓይኑ ሥር ከስቷል። «ያንን ልጅ አለቀስኩለት» አለኝ። «ሳይወለድ ስም አውጥቼለት ነበር፣ ሞኝ ነኝ። አልቅሼ ስጨርስ ማንን ልንገር ብዬ አሰብኩ… ልነግረው የምፈልገው ሰው አንቺ ነሽ።»

«ሦስት ሳምንት ፈጀብህ?»

«አንዱን ሳምንት ለልቅሶ። ቀሪውን ለሥራ።»

ምን ሥራ ብለው አልናገር አለ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንቺ ዓለሚቱ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ማን ጋ ነው የሚመጡት? አክስትሽ ጋ! የሰባ ዘጠኝ ዓመት አክስት ምራቋን ውጣ «ልጃችን ገና ናት፣ እናስብበት» ልትል ነው!

ዓርብ፣ ጥር 17

ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረአማኑኤል ተናዘዝኩ። ያለ አደፍ ውጭ መቆሜን ስነግራቸው መስቀላቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ! «አርባ ስግደት» አሉ። «ውስጥ ገብተሽ።»

ስለ ጎጆው ስነግራቸው ግን አልሳቁም። «እሱ ያንቺ ኃጢአት አይደለም፣ ለእሱ ንስሐ የለሽም» አሉኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

እሑድ ተጋባን። ቆረብን። መቅደሱ አጠገብ፣ ካባ ለብሼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ኦቦ ሙቀቱ ሳይጠራ ከች አለ። መቼም ሠርግ አያልፈውም። ላቤ በካባው ሥር ወረደ። በሆዴ «አምቦ ነኝ፣ ማርያም ነኝ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው» አልኩ። ከኋላዬ ቀዝቀዝ ያለ አየር መጣ። ድንቅቱ ናት፣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኛለች። ቀና ስል ከእሷ ኋላ ሦስት የማውቃቸው ሴቶች ለራሳቸው ያራግባሉ። አንዷ ጠቀሰችኝ። ስንት ነን፣ እናንተዬ?

ስለ ቁርባኑ ሦስት ቀን እንደ እህትና ወንድም ነን። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት።

አሁን ስለ በሩ ልጻፍ። ያ የነፋሱ በር የለም። ቆራርጦ ጥሎታል። አዲስ ሠርቷል፣ አረንጓዴ፣ ከላይ አየር የሚያስገባ ፍርግርግ ያለው። በውጭ በኩል መቀርቀሪያ የለውም። ቀለበት የለውም፣ ሚስማር የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። በእጄ ዳሰስኩት፣ ልሙጥ ነው። መቀርቀሪያው አንድ ብቻ ነው፣ ከውስጥ፣ በእኔ ቁመት ልክ።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ዘጋሁት። ጠቅ አለ። ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት…

ከበበው ከሳሎን «ምን አጠፋ? አልሠራም?» አለ፣ ደንግጦ።

«ይሠራል» አልኩት። «እየተጫወትኩበት ነው።»