ለሰልፍ የከሳችው እህቴ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ብዙአየሁ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አዋሳ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉበትዎ ደኅና ነው? ስለ ጉበት መጠየቄ እንዳይገርምዎ፤ በእኛ ቤት ከሐምሌ ወዲህ የሰው ጤንነት የሚጠየቀው በእሱ ነው። እኔ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ የምሰፋዋ ብርሃነሽ ነኝ፣ በቅርቡ የቀበርናት የጽጌሬዳ ታላቅ እህት። ይህን በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸውን ሦስት ማመልከቻዎች ለማንበብ ጊዜ እንዳነሰዎት ስለተረዳሁ፣ ሲያልፉ ቆም ብለው ቢያነቡት ይቀልዎታል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚሰለፉትን ሴቶች ዩኒፎርም እንድሰፋ መርጠውኛል። ጨርቁ ስላነሰ ሁሉም በአንድ ልክ እንዲቆረጥ አዘዙ። ልብስ በሰው ልክ ሲሰፋ ነው የኖረው፤ ሰውን በልብስ ልክ ማጥበብ የእርስዎ ግኝት ነው።

አንደኛ፣ ባንዲራ ያዥዋ ጽጌሬዳ ልብሱ አልገባ ሲላት፣ በስብሰባ መካከል አስቁመው የንዑስ ከበርቴ ስብ ይዛ ሰልፍ እንደማትወጣ ስላስተማሯት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሕዝቡ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቤት ገብታ ግን እህል አልቀመሰችም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት አዋቂውን አቶ ገብረጻድቅን በቀበሌው ሱቅ ከስኳሩ ጎን አስቀምጠው፣ የሚያከሳ ዱቄቱን የቀበሌው ክብ ማህተም ባረፈበት ወረቀት ጠቅልሎ እንዲሸጥ ፈቀዱ። እኛ ሞኞቹ፣ ማህተም ካለበት አንድ ሰው መርምሮታል ብለን አመንን። ምን እንዳለበት ብጠይቀው የአባቶቹ ምስጢር መሆኑን ነገረኝ፤ ብቻ ኮሶ ኮሶ ይሸት ነበር። እናቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት በሁለት ወር አንዴ ነው፣ በዚያም ቀን ደጃቸውን ዘግተው ይውላሉ። የእርስዎ ማህተም ያለበት ግን በቀን ሦስቴ፣ ለአርባ ቀን ይላል፤ ጽጌሬዳም እንደተጻፈው ወሰደችው። ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል ተባለ። ብርብራም እኮ ከዛፍ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲበተን ግን ዓሣውን ሆዱን ገልብጦ ያንሳፍፈዋል።

ሦስተኛው ክስ በራሴ ላይ ነው፤ የማቀርብበት ሌላ ቢሮ ስላጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዩኒፎርሙ ከገባላት በኋላ በየሳምንቱ ወገቡን አጠበብኩላት። አራት ጊዜ! ልኳ ባነሰ ቁጥር እልል አልኩ። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ወባ ነው አልኩ፤ ሽንቷ እንደ ሻይ ሲጠቁር ውሃ ጠጪ አልኳት። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ሐኪሙ የዱቄቱን ወረቀት አየ፣ ማህተሙን አነበበ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጉበቷ እንዳለቀ ነገረኝ። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወይኔ እህቴን!

አራተኛ፣ ዱቄቱ ይታገድ ብዬ ላስገባኋቸው ማመልከቻዎች በመጨረሻ መልስ ስለሰጡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። የሟች ዩኒፎርም የቀበሌው ንብረት ስለሆነ ታጥቦና ተተኩሶ ለተተኪዋ እንዲሰጥ ይላል። ስለ ዱቄቱ ግን አንዲት ቃል የለችበትም፤ ዛሬም ከስኳሩ ጎን እንደተቀመጠ ነው። ብልህ በሰው ይማራል ይባላል፤ እኔ በእህቴ ተማርኩ፣ እርስዎ በማን እንደሚማሩ እግዜር ይወቅ።

ለሰልፉ ቀጥ ያለ መስመር፣ ለእርስዎም ቅዠት የሌለበት እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊ
ብርሃነሽ ካሳሁን

ማስታወሻ፦ ዩኒፎርሙን አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ተተኪ ባንዲራ ያዥ እንድትሆን የመረጧት ልጅዎ ሮማን ትናንት ልትለካው መጥታ ነበር። የእህቴ ወገብ ሰፋት። እንዳጠብበው ለመነችኝ፤ ከቦርሳዋም ማህተም ያለበት ወረቀት ብቅ ብሎ አየሁ። መቀሴን አላነሳሁም። ጓድ ብዙአየሁ፣ በልጅ አምላክ፣ ዛሬውኑ ደጅ ያውጧትና የዓይኗን ነጩን በፀሐይ ይዩት።