ቁጥር የሌለው ዘንግ

አያ ፈንቴ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። መቃብርህ ጋ ስመጣ ወሬዬ ሁሉ የሚያጥረው ሲጋል መኪና ውስጥ ሆና ስለምትጠብቀኝ ነው፤ ልጅህን ታውቃታለህ፣ መጠበቅ ሞቷ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ፈለግሁ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህና መጣመሙን ችለህ አንብበው።

የምጽፍልህ ስለ ትራክተርህ ነው። በእሷ ነገር አንድ ውሳኔ ወስኛለሁ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ የሚነግረኝ አንተ ብቻ ነበርህ፣ አንተ ደግሞ የለህም።

ቤቱ ደህና ነው። በረንዳው ሥር የተከልሃት ሎሚ ዘንድሮ ጉድ አፍርታለች፤ ራማት ኤሽኮል ውስጥ ከእኛ ሎሚ ያልወሰደ ጎረቤት የለም። ከላያችን የሚኖሩት ሩሲያዊት ሴትዮ ቧንቧቸውን የሚያስተካክልላቸው ጠፍቶ እስከ ዛሬ በስምህ ይምላሉ። ማማዱንም፣ የሮኬት መጠለያ ክፍላችንን፣ አጸዳድቼ አልጋ አስገባሁበት። መቼም ያን ክፍል አትረሳውም፤ ሲረን በጮኸ ቁጥር ሁላችን ሮጠን የምንገባበት፣ ግን በትራክተርህ ዕቃ ተሞልቶ መቀመጫ የምናጣበት። እኔ ዳዊት ስደግም አንተ ካርቶን ውስጥ እጅህን ሰደህ ብረት ትዳብስ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ሚስቱን ያቅፋል እንጂ ብዬ ስቆጣህ ትስቅብኛለህ። ያን ሳቅህን አሁን በምን ላግኘው?

ያችን ትንሽ ቀይ ትራክተር መጀመሪያ ያየኋት እዚህ አገር በገባን በዓመቱ ነው። ብርቱካን እርሻ ላይ ሥራ ስታገኝ የሰጡህ እሷን ነበር፤ ከአህያ ብዙም የማትበልጥ፣ በዛፎቹ መካከል እየተሽሎከለከች አፈር የምትገለብጥ። ባለ እርሻው አርጅቶ መሬቱን ሲለቅ፣ ለስንብት ምን ልስጥህ ቢልህ፣ ከመጋዘኑ ኋላ ዝጋ የቆመችውን እሷን ጠየቅህ። ሌላው ሰው ሰዓት ይጠይቃል፣ አንተ ዝገት! ጓሯችን አስገብተህ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈታታሃት። የሌላ መኪና ብረት ሳይቀላቀልባት፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች አድርጌ አቆማታለሁ አልህ። ለማስተያያ እንዲሆንህ ደግሞ ከየመካኒኩ አዳዲስ ዕቃ እየለቀምህ እዚያው ካርቶን ውስጥ ትጨምር ነበር። አንዱንም ምልክት አላደረግህበትም። የቱ የእሷ፣ የቱ የሌላ እንደሆነ የተጻፈው ጭንቅላትህ ውስጥ ነበር፤ እሱን ደግሞ ይዘኸው ሄድህ።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። አንተ ሆስፒታል በተኛህበት ወር ፋሲካ ደረሰ። አገራችን ሳለን ለፋሲካ፣ እንደ አይሁድ ደንባችን፣ አሮጌውን ሸክላ ሰብረን በአዲስ ነበር የምንቀበለው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝና ይህ ነገር ከደሜ አይወጣም። ድስቱን ጨርሼ ማማዱንም ላጽዳ ብዬ ገባሁ። የዛገውን፣ ያረጀውን፣ የተላላጠውን ሁሉ በሁለት ካርቶን ሞላሁ፤ የሚያብለጨልጨውን አስቀረሁ። ያ አልቴ ዛኸን እያለ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ በሰፈሩ ሲያልፍ ጠርቼ ሁለቱንም አሸከምሁት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ስትመጣ ቤቱን በርቶ ታየዋለህ ብዬ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አላስቀረሁ። የዛገው ነበር ለካ የእሷ፤ የሚያብለጨልጨው ለማስተያያ ያመጣኸው ነበር።

ከሆስፒታል ስትመለስ ማማዱ በር ላይ ቆመህ አየህ። ፊትህ ሲለወጥ አይቻለሁ። ብረት ነው ጓዴ፣ አይዞሽ አልኸኝ። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት? ተጣልተን፣ አልቅሼ፣ ታርቀን ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በቀሩህ ሳምንታት ወደ ጓሮ አልወጣህም። ደክሞህ ይሁን በእኔ አዝነህ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ የኖረው ይህ ነው።

ስለዚህ ሲጋል ትራክተሯን እንጨርሳት ስትል እንቢ አላልሁም። አሮጌ ትራክተር የሚያድሱ ሰዎች በየዓመቱ አንድ የገበሬዎች መንደር፣ ሞሻቭ ላይ ተሰብስበው ያሳያሉ አሉ። ሁለ ነገሯ የፋብሪካዋ የሆነችውን ለብቻ በክብር ረድፍ ያቆሟታል። ሲጋል የአባ ትራክተር እዚያ ረድፍ ላይ ካልቆመች ብላ ማለች። እኔም እዚያ ካደረስኋት ያን ፋሲካ ይቅር የምትለኝ መሰለኝ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ፣ ሽሙኤል የሚባል ሽማግሌ፣ አጉሊ መነጽርና የተበጣጠሰ የዕቃ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ጓሮ ውስጥ አንሶላ ዘረጋን፤ የእሷ የሆነው በቀኝ፣ ያልሆነው በግራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ሳያገኝ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ግን ክፉ አይደለም፣ አስተማረኝ። ፋብሪካው ብረቱን በቅርጽ ሲያፈስ ቁጥር ያትምበታል፤ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ከገጠመ የእሷ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ፣ ቡሎን ሥር የተደበቀውን ቦታ በቢላ ጫፍ ፋቅ ስታደርገው የጥንቱ ቀይ ቀለም ይወጣል። ቡሎኖቿም የሚታሰሩት በኢንች ቁልፍ ነው፤ የሚሊ ቁልፍ የገጠመው ሁሉ እንግዳ ነው። እኔ ደግሞ ከመነጽሩ ቀድሜ በጣቴ ማወቅ ጀመርሁ። በቅርጽ የፈሰሰ ነገር ቅርጹ የተጋጠመበት ስፌት ይቀርበታል፤ ሸክላ ስዳብስ ላደግሁት ለእኔ ይህ ምን ይቸግራል? ሽሙኤል ተገርሞ እናትሽ የት ነው የሠራችው ብሎ ሲጋልን ጠየቃት። ኩሽና ውስጥ አለችው። ወይ ልጅ!

ሞተሯ፣ ኮፈኗ፣ ቸርኬዎቿ የራሷ ሆነው ተገኙ። ከማማዱ ያስቀረኋቸው አብረቅራቂዎች ግን አንድ በአንድ ወደ ግራ ሄዱ። በሄዱ ቁጥር ዓይኔ እንባ ሲያቀር አይቶ መሰለኝ፣ ሽሙኤል እቤቱ የሞተች እህቷ፣ እንደ እሷ ያለች ሌላ ትራክተር እንዳለች፣ የጎደለውን ከእሷ ፈትተን እንደምንሞላ ነገረን። ፋብሪካቸው አንድ፣ ዘመናቸው አንድ። እፎይ አልሁ።

መጨረሻ ላይ በነጠላዬ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ በዘይት የራሰ ነገር ቀረ። ከኋላ ማረሻዋን የሚያነሳው ዘንግ ነበር። በዚያ የፋሲካ ጽዳት ከእጄ የተረፈው ዝገት ስላልነካው ነው። ሽሙኤል አገላብጦ አየው። ቁጥር የለውም፣ ስፌት የለውም፣ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ዜ ሎ መኮሪ አለ፣ የእሷ አይደለም ማለቱ ነው፤ ወደ ግራ አስቀመጠው።

አነሳሁት። ገላው ሁሉ መዶሻ የነካው ነበር። አንገቱ ላይ ሦስት ጭረት አለው፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። አያ ፈንቴ! አባትህ በሚሠሯቸው ማጭዶች ሁሉ ላይ የሚያኖሩት ምልክት! መንደራችን ውስጥ ያን ምልክት የማያውቅ አጫጅ አልነበረም።

ያኔ ሁሉም መጣልኝ። በመጀመሪያው ዓመት የፋብሪካው ዘንግ ተሰብሮ፣ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል ሲሉህ፣ እሳት ስጡኝ አልሃቸው። የብርቱካን ግንድ አክስለህ፣ ወናፍ ብታጣ የባለ እርሻውን ሚስት የፀጉር ማድረቂያ ለምነህ ብረት አጋልህ። ቤት ስትመለስ ፊትህ ጥላሸት ለብሶ ጥርስህ ብቻ ይታይ ነበር። ሠራሁት ጓዴ፣ ከፊተኛው ይልቅ ይጠነክራል አልህ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አላየሁህም። እኔስ ምን አልሁህ? አፈር ስሆን ሁለተኛ እንዳታደርገው! እዚያ ባለ እጅ፣ ቡዳ ሲሉን ኖረን፣ ልጆቻችን እዚህም ይህን ስም ይውረሱ? ማንም ሳይሰማ ተወው አልሁህ። ተውህልኝ። እስከ ጡረታህ የውሃ ጎማና መቀስ ይዘህ ኖርህ፤ ሥራህን ሲጠይቁህ ጋናን ነኝ፣ አትክልተኛ ነኝ ትል ነበር። ልጆችህ እንኳ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ እንደነበረ አያውቁም። ሲጋል በዚህ ዕድሜዋ ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ከእኔ ሰማች። አንሶላው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለምን አልነገራችሁንም እያለች፣ ግማሹን በዕብራይስጥ።

ሽሙኤል ከእህቲቱ የፈታውን የፋብሪካ ዘንግ ይዞ ማክሰኞ መጣ። ሲጋል፣ ኢማ፣ እናቴ፣ እሱን እናስገባና የአባን ሳሎን ውስጥ እናኑረው አለች። አክብራ ነው እንጂ ክፋት የለባትም። እኔ ግን ጨነቀኝ። የሌላ ብረት ሳይቀላቀልባት ብለህ የተናገርኸው አንተ ነህ፤ ያን ቃልህን አንዴ በፋሲካ አፍርሼዋለሁ፣ ደግሜ ላፍርሰው? የክብር ረድፉንም እንዴት እንደ ቋመጥሁለት አትጠይቀኝ። ኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ስትፈታታት ሌላውን ብረት ካርቶን ውስጥ ስትወረውር እሱን ብቻ ለይተህ በነጠላዬ ጠቅልለኸዋል። ለሌላው ያላደረግኸውን ዘይት አጠጥተኸዋል። ለእኔም አላሳየኸኝም፣ ተቆጪ ነኛ! የማትፈልገውን ብረት እንዲህ አታደርገውም፤ መልሰህ ልትገጥመው ነበር። ሽሙኤልን የአንተን ዘንግ እሰርልኝ አልሁት። እንግዲያው የክብር ረድፍ ላይ አትቆምም አለኝ። አትቁም አልሁት።

ዓርብ ጠዋት ጭነን ወሰድናት። ተራው ረድፍ ላይ፣ አንድ አሮጌ የገለባ ማሰሪያ አጠገብ አቆሟት። በሦስተኛው የገመድ ስበት ተነሳች፤ ድምጿ ልክ እንደ ድሮው ነው፣ እየሳለች። ከሰፈራችን ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። እነ እትዬ ዘውዴም ሳይቀሩ፣ ያችው ምላሷን ስፈራ የኖርሁት ያገራችን ሴት። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ሲያይ ቆየና ይህን ማን ሠራው ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀ። ሲጋል ልትመልስ ስትል እጇን ያዝሁት። ለዚህ የሚበቃ ዕብራይስጥ የለኝም፤ በአማርኛ መለስሁ፣ እትዬ ዘውዴ እንድትሰማ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ። ባሌ ነው የሠራው፤ ባሌ ቀጥቃጭ ነው፣ የቀጥቃጭ ልጅ አልሁ። ሲጋል አስተረጎመችለት። እትዬ ዘውዴ ቀርባ ምልክቱን በጣቷ ነካችው። የእናቴ ማጭድ እኮ ይህ ነበረበት፣ አንድ ቀን ሳይዶለዱም ነው የኖረ ብላ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ይህን ፈርቼ ነው፣ አያ ፈንቴ?

ስለ ካርቶኖቹ ይቅር በለኝ። ከካርቶኖቹ የባሰውን ደግሞ አሁን ታውቀዋለህ፤ ለነገሩ አንተ ያኔም ታውቀው ነበር። ልጅ ልጆችህ ቅዳሜ ሲሰበሰቡ ስለ እሳቱ፣ ስለ ፀጉር ማድረቂያው፣ ስለ አባትህ ማጭድ እያወራሁላቸው ነው፤ በዕብራይስጥ ቢመልሱልኝም ይሰሙኛል። አንተ በሕይወት ሳለህ አፍህን ያስያዝሁህ እኔ ነኝ። አጠገብህ እስክመጣ ድረስ እኔ እናገርልሃለሁ።

ሚስትህ ጓዴ